ከመንዝ እስከ ሚኒሶታ፦ የቆየውና የጠፋው ድርሰት

ጥሩ ድርሰት ዘመን ይሻገራል፣ ደካማው ይቀራል ሲባል ውጭም ሀገር ቤትም እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። የግሪኩ ዩሪፒደስ 90 ያህል ተውኔት ጽፎ የተረፉት 19 ገደማ ናቸው። አስሩ ለተማሪ ተመርጠው ሲገለበጡ የኖሩ ናቸው። የቀሩትን ማንም አልመረጣቸውም፤ ሥራዎቹ በፊደል ተራ ከተሰደሩበት ስብስብ አንዱ ክፍል በአጋጣሚ ስለተረፈ አብረው ተረፉ። ከነሱ የሚበልጥ ተውኔት በጠፋው ክፍል ውስጥ እንዳልነበረ በምን እናውቃለን?

ሼክስፒርም እ.ኤ.አ. በ1616 ሲሞት ከተውኔቶቹ ግማሽ ያህሉ ገና አልታተሙም ነበር። በ1623 36ቱን ሰብስበው በአንድ መጽሐፍ ያሳተሙት አብረውት የሠሩ ሁለት ተዋንያን ናቸው። «ማክቤዝ» የተረፈው በዚያ ነው። እዚህ አሜሪካ ዛሬም የሰፈር ተማሪዎች መድረክ ላይ ያወጡታል፤ ልጄ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደች ቃለ ተውኔቷን ስታጠና ሰምቻታለሁ።

ወደ ሰሜን ሸዋ ልመለስ። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ሰው ናቸው። «ታሪክና ምሳሌ»ን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በቃሉ ይወጣዋል፣ ትምህርት ቤት ያጠናው ነዋ። «አኒባል» የተባለው ተውኔታቸውስ? ደብረ ብርሃን አስፋልት ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ወጣት ጠየቅሁ። «ታሪክና ምሳሌ»ን ወዲያው መዝዞ ሰጠኝ፤ ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ፣ ጀርባው በነጭ ክር የተሰፋ። «አኒባል» ስለው ግን «ጋሼ፣ እሱን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ደራሲው ያው፣ ብዕሩም ያው። አንዱ ክፍል ገባ፣ ሌላው መድረክ አጣ።

የሰያደብሩ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ካሳዩ በኋላ ታገደ። የሕይወት ታሪካቸውም የታተመው ካረፉ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የእጅ ጽሑፉ በመሀል ቢጠፋስ ኖሮ? ሳስበው ያንገበግበኛል።

ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ ማቆየት አያውቁም እንዳይባል፣ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ብራናው ሲያረጅ ቁም ጸሐፊው ሌላ ብራና ላይ እየገለበጠ አቆየው። በግራኝ ጦርነት ደብረ ሊባኖስ ሲቃጠልም የተረፈው ሌላ ቦታ ቅጂ የነበረው ነው። ሥራው በዘመናችንም ቀጥሏል፦ በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ8 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። የሸንኮራው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። የአንድ ሰው ትጋት ስንቱን መጽሐፍ ከመረሳት እንዳዳነ ሳስብ እኮራለሁ።

ለካህናቱ መጽሐፍ የተደረገው ለተውኔቱ ለምን አይደረግም? የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ መምህራን፣ እባካችሁ ለዘንድሮው የትምህርት መዝጊያ በዓል ከ«አኒባል» አንድ ገቢር ለልጆቹ አስጠኗቸው። የማባዣውን ወረቀትና የአልባሳቱን ወጪ እኛ ውጭ ያለነው እናዋጣለን፤ እኔ ከወዲሁ ድርሻዬን ለመላክ ዝግጁ ነኝ።