ከመድኃኒቱ በፊት ጥያቄው

ባሕር ዳር ላይ ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሽምብጥ ሰፈር አክስቴ ቤት የሰነበትኩ ጊዜ ጉንፋን ያዘኝና ይህንን ደህና አድርጌ አየሁት። ማሳል ስጀምር የጎረቤት ልጅ ከጓሯቸው ዳማከሴ ቆርጣ መጣች። ሌላዋ ዝንጅብል በማር አፍልታ ላከች። ሲመሽ ደግሞ “እንዴት ዋለ? እህል ቀመሰ?” የሚል አይጠፋም።

እንደ ወትሮው ለንደን ብሆን የጤና ምክር መስመሩ 111 ላይ ደውዬ “እረፍ፣ ፈሳሽ ጠጣ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ” ተብዬ ስልኩ ይዘጋ ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። ሻዩን የሚያፈላልህ ሰው ግን የለም። ይህን ያጣ ሰው ብቻ ነው ዋጋውን የሚያውቀው።

ምክሩ ራሱ ያን ያህል አይራራቅም። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎትም ለሳል ሎሚና ማር በሙቅ ውኃ ጠጡ ይላል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንደማይሰጥ ግን አጥብቆ ያስጠነቅቃል። እኛ ጋ ይህቺ ማስጠንቀቂያ ብዙ ቤት አልገባችም።

ትልቁን ልዩነት ያየሁት ጥያቄ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከጥር 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ፋርማሲስቶች ሰባት ቀላል ሕመሞችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማከም ይችላሉ። የጉሮሮ ሕመም፣ የልጆች ጆሮ ሕመም፣ የሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። ፋርማሲስቱ ወደ ትንሽ ክፍል ያስገባህና ይጠይቅሃል። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ጨጓራህንስ ያምሃል? አለርጂስ? ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ? ኪኒኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም።

አክስቴን ጉልበቷን ያማታል። አንድ ቀን ከራስጌዋ ካለው ፌስታል ትንሽ የወረቀት ፖስታ አወጣች። በእስክሪብቶ “1×2” ተጽፎበታል፤ ስም የለውም። ውስጡ የተቆረጠ የኪኒን ማሸጊያ አለ፤ ገልበጥ አድርጌ ሳነበው ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ማን አዘዘልሽ ብላት “እትዬ ናቸው የሰጡኝ፣ ወገባቸውን ፍትት አድርጎላቸዋል” አለች። ጎረቤቷ ናቸው፤ የሰጧትም ከልባቸው አዝነውላት ነው። ግን አክስቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ዲክሎፌናክ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የግፊት መድኃኒቱንም ያዳክማል። ሲቆይ ኩላሊትንም ጨጓራንም ይጎዳል። በዚያ ላይ ጾም ስትይዝ በባዶ ሆዷ ነው የምትውጠው። ማንም “ሌላ የምትወስጂው አለ?” አላላትም።

ለእንዲህ ዓይነቱ የእድሜ የጉልበት ሕመም ከኪኒኑ በፊት የሚመከረው የማስታገሻው ቅባት ነው። ጉልበት ላይ ስለሚቀባ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ይህም ቢሆን ሐኪም ጠይቆ ነው። ሌላው የጭንን ጡንቻ ማጠንከር ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ አሥር እስኪቆጠር መያዝ፣ ማውረድ፣ ከዚያ መድገም። አክስቴ ቡናው እስኪፈላ ትሠራዋለች። ወገብ ለሚያመውም ቢሆን አልጋ ይዞ መክረም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ እንደ አቅም መንቀሳቀስ ነው የሚሻለው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ትኩሳት ነው። ለንደን ትኩሳት ሲይዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ጠብቅ ይባላል። ጣና ዳር ግን ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ከጠባ በኋላ ይበረታል። ሰው ደግሞ “ምች ነው የመታው” ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ያጠጣና ቀኑ ይሄዳል። ዳማከሴውን ማንም አይከለክልም። ግን ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣት ተወግቶ ደም መታየት አለበት፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ። ካለፈው ዓመት የተረፈ ኮአርተም የሚባለውን የወባ ኪኒን መዋጥ መፍትሔ አይደለም። የአዋቂው ሕክምና ሦስት ቀን ሙሉ የሚወሰድ 24 ፍሬ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ሌላ መድኃኒት ይጨመርበታል። ይህን የሚለየው ምርመራው ነው።

ውጭ ለምንኖረው አንድ ነገር ልጨምር። ወባ ያለበት አካባቢ ተወልደን ብናድግም ለዓመታት ወባ ካላገኘን ሰውነታችን የነበረውን መከላከያ ያጣል። ከተመለስን በኋላ፣ ወራት አልፈውም ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዘን ለሐኪሙ “ወባ ያለበት አገር ነበርኩ” ማለት አለብን። እሱ ላይጠይቅ ይችላል።

ሻንጣችንም ጉዳይ አለው። እንግሊዝ ሱፐርማርኬት አንድ ፓኬት ፓራሲታሞል ከ16 ፍሬ አይበልጥም። ሰው ብዙ ውጦ እንዳይጎዳ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ከአሜሪካ ግን በመቶ የሚቆጠር ፍሬ የያዘ የታይሌኖል ጠርሙስ ይመጣና ለዘመድ ለጎረቤት ይታደላል። ታይሌኖልና ፓራሲታሞል አንድ መድኃኒት ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው “የአሜሪካው” ብሎ አንዱን፣ ከፋርማሲ የገዛውን ደግሞ በላዩ ይውጣል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከባለ 500 ሚሊግራሙ ስምንት ፍሬ ካለፈ ጉበት አደጋ ላይ ነው። መጠጥ ለሚያዘወትር ወይም ሰውነቱ ለከሳ ሰው ከዚያም ያነሰ ሊጎዳው ይችላል።

ስለዚህ መድኃኒት የምትልኩ ወገኖቼ፣ ጠርሙሱ ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጥፉና በአማርኛ ጻፉበት፦ “ይህ ፓራሲታሞል ነው። ሌላ ፓራሲታሞል አይደረብበትም። በቀን ከ___ ፍሬ አይበልጥም።” ባዶው ላይ ጠርሙሱ የሚለውን ቁጥር ሙሉበት። ከዚያ ደውሉና እናታችሁ ፌስታሉን አምጥታ ያለውን አንድ በአንድ እንድታነብላችሁ ጠይቋት። ስም የሌለው ፖስታ ካገኘች ሳትውጠው ይዛው ወደ ፋርማሲ ትሂድ።