የሰባት ቀን ስም

ቲክቶክ ላይ ለሰው የሚታየውን ስም በ7 ቀን አንዴ፣ የአካውንቱን መለያ ደግሞ በ30 ቀን አንዴ መቀየር ይቻላል። ደሴ ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ይህን ሕግ በቃሉ ያውቀዋል። ከሁለት ወር በፊት ቀልደኛ ነበር። ቪው ሲወርድበት የፍቅር አማካሪ ሆነ፤ እሱም አልያዝ ሲል የድሮ ቪዲዮዎቹን ሁሉ አጥፍቶ በአዲስ ስም ሌሊት ሌሊት ላይቭ መግባት ጀመረ። ላየው ሰው ጨዋታ ነው። ዝናን ማሳደድ አእምሮን የሚጎዳው ግን በዋናነት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዝናው ሲመጣ ወይም ሲቀር ሳይሆን፣ ቁጥሩ በወረደ ማግስት ራስን አፍርሶ እንደ አዲስ ማቆም ልማድ ሲሆን።

«እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» እያሉ የሚገሥጹ ታላላቆች አሉ። ተረቱ የሚያወራው ስለ እፍረት ነው፤ እነዚህን ልጆች የሚያገኛቸው ግን ሌላ ነው። «ሥራ ፈቶች» የሚለውም አይረዳም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ገብቶባቸው፣ ንብረት ተዘርፎ፣ ትምህርት ተቋርጦ የከረሙ ከተሞች ናቸው። ቅርብ ሆኖ የተገኘው በር ስልክ ከሆነ ወጣቱ በዚያ መግባቱ አያስወቅሰውም። ሊነገረው የሚገባው በሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

አንድ ቪዲዮ ሲለጠፍ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ይታያል። እነሱ እስከ መጨረሻው ካዩት፣ ከደገሙት፣ ለሌላ ካጋሩት ለብዙዎች ይሰፋል፤ ገፋ አድርገው ካለፉት እዚያው ይቆማል። የተከታይ ብዛት ዋስትና አይሆንም፤ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ማብራሪያ የተከታይ ቁጥር ቀጥተኛ መመዘኛ እንዳልሆነ ገልጿል። ስለዚህ ትናንት 200 ሺህ ሰው ያየለት ልጅ ዛሬ 300 ቢያይለት የአሠራሩ ጠባይ ነው እንጂ በእሱ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። እሱ ግን «ሰው ጠላኝ» ብሎ ነው የሚያነበው።

ቀጥሎ የሚሆነውን ለመረዳት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው የእርግቦች ሙከራ ይበጃል። የተራቡ እርግቦች ምንም አደረጉ ምንም በየተወሰነ ሰከንዱ ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። ከ8ቱ 6ቱ ግን ምግቡ ሲመጣ በአጋጣሚ ሲያደርጉት የነበረውን ነገር ይደጋግሙ ጀመር፤ አንዷ ዙሪያዋን ትሽከረከራለች፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን ወደ ጥግ ትወረውራለች። ምግቡን ያመጣው ያ ድርጊት ይመስል ነበር። አንድ ቪዲዮ የፈነዳለት ልጅም ምን እንደፈነዳለት አያውቅም። ፀጉሩ ይሆን? ጓደኛውን ማዋረዱ? የቤቱን ገመና ማውጣቱ? ስለማያውቅ ሁሉንም ይሞክራል። ልዩነቱ እርግቧ አንገቷን ብቻ ነው የምታወዛውዘው፤ ልጁ የሚያወዛውዘው ማንነቱን ነው።

የላይቭ ባትሉን፣ ማለትም ሁለት ሰዎች በቀጥታ ስርጭት በተመልካች ስጦታ የሚፎካከሩበትን፣ ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ዙር በተለምዶ 5 ደቂቃ ነው። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀይና ሰማያዊ መስመር ግራና ቀኝ ይገፋፋል። ስጦታው የሚገዛው በኮይን፣ ማለትም በመተግበሪያው መገበያያ ነው፦ ትንሿ ስጦታ ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት፤ አንበሳው 29,999 ኮይን። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ጩኸቱ፣ «ታፕ ታፕ አድርጉ» የሚለው ልመና፣ ስም እየጠሩ መማጸኑ ይበረታል። ከዚያ የተሸነፈው ቅጣቱን ይቀበላል፦ ፊቱን ከሰል ይቀባል፣ ወይም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ በእኩለ ሌሊት ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ላይ ያፈሳል። ከስጦታው ዋጋ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ኩባንያው ጋ ይቀራል። ቀሪውን ውጭ ባለ ሰው በኩል ለማውጣት ደግሞ ሌላ ኮሚሽን አለ።

ሰጪዎቹ ማን ናቸው? ከወሎ ብዙ እህቶች አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት አሉ። አንዷ የቀኑን ሥራ ጨርሳ ስልኳን የምትይዘው ከእኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ የሳዑዲ ሰዓት ደግሞ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዋሽንግተን ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ደሴ ላይ እንደ ወቅቱ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። ባለ ላይቩ ሁለቱንም ለማግኘት ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። ሲዘጋው ክፍሉ ጭር ይላል፤ ልቡ ግን ገና እየመታ ነው፣ እንቅልፍ አይወስደውም። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሲነሳ ከቤተሰቡ ጋር ቁርስ የለም፣ ከሰፈር ሰው ጋር ቡና የለም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ለሳምንታት ያን ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ የሚሠራውም ይፈዛል። ሥራው ሲፈዝ ቪው ይወርዳል፤ ቪው ሲወርድ እንደገና ስም ይቀየራል።

ሰው ፊት ቆሞ መሸለም ለእኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ «ተቀበል» ሲሉት ግጥም ይቀበላል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ሲነጋ ግን ማሲንቆውን ሰቅሎ ይተኛል፤ በማግስቱም ያው አዝማሪ ነው። አምባሰልና ባቲ በራሳችን አገር ስም የተጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ5 ድምፅ አይበልጡም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር ሰው የሚመሰጠው ቅኝቱን ስለቀየረችው አይደለም፤ በዚያው ውስጥ ስለጠለቀች ነው። ዛሬ ድምፅ ያለው ልጅ ሁለት ሳምንት አምባሰል ዘፍኖ ቁጥር ሲያጣ ወደ ስድብ ይዞራል፤ ድምፁም አብሮ ይባክናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ካምቤል በ1990ዎቹ ባሳተሙት ጥናት «እኔ ማን ነኝ» ለሚለው ጥያቄ ግልጽና የማይዋዥቅ መልስ የሌላቸው ሰዎች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዝቅ፣ ጭንቀታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። «ዝናውን ካገኘሁት ይቀለኛል» ለሚለውም መልስ አለ። ኒሜክ፣ ራያንና ዴሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 147 የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ተከታትለው ነበር። ገንዘብ፣ ዝናና መልክ ብለው የተነሡት ያሰቡትን ሲያገኙ እርካታቸው አልጨመረም፤ ይልቁንም ከጭንቀትና ከመሰል ሕመሞች ጋር ተያይዞ ተገኘ። የበለጠ ደኅና የሆኑት በራስ ማደግና ከሰው ጋር በመቀራረብ ላይ አተኩረው ያሳኩት ናቸው።

ልጁ መተው ካልፈለገ አይተው። አንድ ሥራ ይምረጥና ቢያንስ 3 ወር ስም ሳይቀይር ይቆይበት። የድሮ ቪዲዮ አያጥፋ፤ የማይፈልገውን ለራሱ ብቻ እንዲታይ ያድርገው፣ ምክንያቱም በንዴት የጠፋ በኋላ ላይመለስ ይችላል። ቪዲዮ ከለጠፈ በኋላ 24 ሰዓት ቁጥሩን አይክፈተው፤ የመተግበሪያውን ማሳወቂያም ያጥፋው። ላይቭ ከገባ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት ይዝጋ፤ ስልኩም ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ይደር። የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ይከብዳሉ፤ እጁ ስልክ ይፈልጋል፣ ይቁነጠነጣል። ብዙዎች «አልቻልኩም» ብለው የሚመለሱት በነዚህ ቀናት ነው። ራስን ለመግታት ከመታገል ይልቅ ስልኩ ሌላ ክፍል መሆኑ የሚያግዘው ለዚህ ነው። ቅጣት ያለበትን ባትል ግን ጨርሶ ባይገባበት እመርጣለሁ።

ቤተሰብ የሚያየው ምልክትም አለ። ድብርት፣ ቀድሞ የሚወደውን ነገር መጥላት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ «የማልረባ ነኝ» ማለት ለ2 ሳምንት በየቀኑ ያህል ከቀጠለ የሐኪም ጉዳይ ነው። መሞትን ካነሣ ግን 2 ሳምንት አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ይዘውት ይሂዱ። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታልም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። ሐኪሙ ፊት «ቲክቶክ አበላሸው» ብሎ መጀመር ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ ይልቅ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ ከማን ጋር መብላት እንዳቆመ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሆነ በወረቀት ጽፎ መሄድ ይጠቅማል።