በሰው አገር ምርጫ ለምንቧደን

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሐይቁ ዳር ጀበና ቡና ከቀረበ የትራምፕና የፑቲን ነገር እንደ አርሴናልና ማንቼ ጨዋታ ያጨቃጭቃችኋል። አንዱ “ትራምፕ ከመጣ ጦርነት ሁሉ ያበቃል” ይላል። ሌላው “ፑቲን እያለ ማን ይነካናል” ብሎ ይፎክራል። አቦል ሳያልቅ ሁለት ሠፈር ሆናችሁ ትኮራረፋላችሁ።

ተዉ እንጂ! የኃያላን ጠብና እርቅ እንዲህ አይነበብም።

እስቲ የሞስኮን ነገር አስታውሱ። የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ እ.ኤ.አ. በ1982 ሞተ። አንድሮፖቭ ተተካ፣ በ1984 ሞተ። ቼርኔንኮ መጣ፣ እሱም በ1985 ተከተለ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስት መሪ ሲቀበር ከአሜሪካ ጋር የነበረው ፍጥጫ ፈቀቅ አላለም። ነገሩ የተገለበጠው በጎርባቾቭ ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ያረጀ ኢኮኖሚና አፍጋኒስታን ላይ የተዘፈቀ ጦር ነው የተረከበው። በዋሽንግተን በኩልስ ማን ተቀየረ? ማንም። በ1983 ሶቪየትን “የክፋት ግዛት” ብሎ የሰደበው ሬገን ነው፣ በ1987 ከጎርባቾቭ ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን የሚያስወግደውን ውል የፈረመው።

ሰው ምንም አይለውጥም እያልኩ አይደለም። ከዚያ ውል አሜሪካን በ2019 ያስወጣት የትራምፕ ውሳኔ ነው። ግን “ሩሲያ ውሉን ጥሳለች” የሚለውን ክስ የኦባማ መንግሥት በ2014 አንስቶት ነበር። ትራምፕ የደረሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ኒው ስታርት የሚባለው ውል ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሁለቱ አገሮች ለተኩስ ያሰማሩት የረጅም ርቀት የኑክሌር አረር ለእያንዳንዳቸው ከ1,550 እንዳይበልጥ የሚገድብ ነበር። ባይደን ሥልጣን በያዘ በሁለት ሳምንቱ፣ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከፑቲን ጋር ለአምስት ዓመት አራዘሙት። በ2023 ፑቲን ተሳትፎውን አቋረጠ። ልብ በሉ፣ ሲያራዝሙትም ሲቋረጥም ወንበሩ ላይ የነበሩት እነዚያው ሁለት ሰዎች ናቸው። መሃል የገባው የዩክሬን ጦርነት ነው።

“ይኼ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል አይጠፋም። የባሕር ዳሩን ፖሊ ቴክኒክ፣ ፖሊን፣ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው በሶቪየት እርዳታ ነው። ያኔ የጃንሆይ መንግሥት የአሜሪካ ወዳጅ ነበር፤ አስመራ ላይም ቃኘው የሚባለው የአሜሪካ ጦር መገናኛ ጣቢያ ነበር። ጃንሆይ ከሁለቱም ይቀበሉ ነበር፤ ብልሃት ነበረበት።

ከዚያ 1969 ዓ.ም. መጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር ገና ሥልጣን እንደያዘ በሰብአዊ መብት ምክንያት ለእኛ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ቀነሰ። ደርግ ሚያዝያ ላይ ቃኘውን ዘጋ። ወደ ሞስኮም ዞረ። እስከ ዛሬ “ካርተር ነው ጉድ የሠራን” የሚል አለ፤ “መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው” የሚልም አለ። ቃኘው ግን በሳተላይት ዘመን ጥቅሙ አልፎበት፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሊዘጉት ወስነው ነበር። ዋሽንግተን የምትሳሳለት ነገር ቀድሞ አልቋል። ሶቪየትም ብትሆን የትናንት ወዳጇን ሶማሊያን ትታ ነው እኛን ያቀፈችው። ጎርባቾቭ ሲመጣ ያ እቅፍ ላላ፣ መሣሪያውም እየቀነሰ ሄደ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ አገር ጥሎ ወጣ።

ይኼ ራቀን ካላችሁ የቅርቡን ላንሳ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትራምፕ ግብፅ ግድቡን “ታፈነዳዋለች” ሲል ዓባይ ከሐይቃችን ሲወጣ እያየን ያደግን ሰዎች ምን ያህል እንደተንጨረጨርን አትርሱ። ባይደን ሲመረጥ “እፎይ” አልን። ሥልጣን በያዘ በዓመቱ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባልን ከአጎዋ አስወጣን። “ኖ ሞር” ብለን ጮኽን። ቀጥሎ ትራምፕ ሲመለስ እዚያው ሐይቁ ዳር “ይሻለናል” ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የቱን ነው የምንደግፈው? እነሱስ ድጋፋችንን መች ጠየቁ?

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ጎረቤታችን ጅቡቲ ነው። የአሜሪካው ካምፕ ለሞኒየር ከቡሽ ዘመን ጀምሮ አለ። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2014 ኪራዩን አሳደሰው፤ ትራምፕም ባይደንም አልዘጉትም። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው የራሷን ጦር ሰፈር ከፈተች። ሁለቱ ኃያላን የእኛ ጭነት በሚገባበት በር ላይ ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ቀን እንኳ ስትከራከሩ ሰምቼ አላውቅም።