እግሯን ያዩት ሁሉ ሆዷን አልጠየቁም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ነበር። ቶናው ላይ ስንደርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቅልጥሟን አሳየችኝ። ቀይ እብጠት፣ ሁለቱም እግሯ ላይ። ሲነኩት ይፋጃል። አንዱ ክሊኒክ ቡግንጅ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ሌላው ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ወጋት። ሰፈር ደግሞ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አሻት።

«ሆድሽስ?» አልኳት። አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ እህቴም በዚሁ ሕመም ውስጥ ስላለፈች ነው።

ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያመላልሳት ዓመት እንዳለፈ ነገረችኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳይቀድማት ቁርስ ትታለች። ለሐኪም መናገር አፍራለች፤ የጠየቃትም የለም።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉት የአንጀት ብግነቶች (አንጀት የሚቆጣባቸው ሕመሞች) ቆዳ ላይም ይወጣሉ። ቅልጥም ላይ የሚታየው እብጠት ኤሪቴማ ኖዶሰም ይባላል፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ሲቆጣ ብቅ ይላል፣ አንጀት ሲታከም ይከስማል። ዳይክሎፌናክ ግን ሕመሙን ቢያስታግስም አንጀቱን ሊያባብስ ይችላል።

የባሰም አለ። ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም የሚባለው፣ ከዚሁ የአንጀት ብግነት ጋር ሊመጣ የሚችል የቆዳ ቁስል፣ ትንሽ ብጉር መስሎ ይጀምርና ዳሩ እየጠቆረ በፍጥነት ይሰፋል። «ይጸዳ» ብሎ መቁረጥ ቁስሉን ያሰፋዋል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ነው የሚፈልገው።

እኛ አገር ደግሞ ቲቢ የሚባል ጣጣ አለ። የአንጀት ቲቢ ቁርጥ ክሮንስን ይመስላል፤ ያው የቅልጥም እብጠትም ከቲቢ ሊመጣ ይችላል። ሳይመረመሩ ፋርማሲ ሄዶ ፕሬድኒሶሎን መግዛት የተኛ ቲቢ መቀስቀስ ሊሆን ይችላል። (የሰው ማዘዣ ተውሰው የሚገዙም አይቻለሁ።)

ሴት ስትሆን ሌላም ጥያቄ አለ፤ ልጅ አስበሻል ወይ? ለክሮንስ ከሚታዘዙት አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው፤ ፅንስ ስለሚጎዳ በእርግዝና አይወሰድም። የወሊድ መከላከያ እንክብልም እብጠቱን ሊቀሰቅስ ስለሚችል መጠየቅ አለበት።

ጎረቤቴ ሰኞ ሪፈር ልታጽፍ ትሄዳለች። በቀን ስንቴ እንደምትወጣ፣ ደም መኖሩን፣ እብጠቱ መቼ እንደጀመረ ከደብተር በቀደድነው ወረቀት ላይ ጽፈናል። አፏ ቢያዝ እንኳ ወረቀቱን ታቀብላለች።