የጫካው ፍርስራሽ በካርታ ይቀመጥ ወይስ በዳይስ ይውጣ?

የሚከራከሩት ሁለት የጎንደር አጫዋቾች ናቸው። ጨዋታው በጠረጴዛ ዙሪያ በቃል የሚካሄድ ነው፤ አጫዋቹ ዓለሙን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ ጀግኖቻቸውን ይዘው ይገቡበታል። ደኑ አስማትና አውሬ የሞላበት የምናብ ደን ሲሆን ወረቀት ላይ ባለ ስድስት ጎን 19 ቤቶች አሉት፤ የአንዱ ቤት ስፋት 10 ኪሎ ሜትር ነው። ጥያቄው፦ በደኑ ውስጥ ያሉት ፍርስራሾች ጨዋታው ሳይጀመር ቦታቸው ይወሰን ወይስ ተጫዋቾቹ ሲጓዙ ዳይስ ያውጣቸው?

የካርታው ወገን

አስቀድሞ ይወሰን። ተጫዋቹ «በግራ ልሂድ በቀኝ?» ሲል በሁለቱም በኩል የሚታየው ዛፍ ብቻ ከሆነ ግምት እንጂ ምርጫ የለውም። ምርጫ የሚኖረው ከሩቅ የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። ለ19 ቤት 5 ፍርስራሽ ይበቃል፤ 3ቱ ከከፍታ ላይ የሚታዩ፣ 2ቱ ካልደረሱባቸው የማይገኙ። ለናሙና ከጎንደር አካባቢ መራቅ አያስፈልግም። የጉዛራ ግምብ እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ጣናን ቁልቁል ያያል። የፋሲል ግምብ ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ግምብ 20 ሜትር በሚደርስ ዛፍ መሐል ቢቆም ከማዶ ሸንተረር ላይ ጫፉ በግልጽ ይታያል።

ዋናው ጥቅም ግን ውስጡ ነው። ግምብ ዝም ብሎ አይፈርስም፣ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጣራው ይከፈታል። ዝናብ ሲገባ ወለሉን የተሸከመው እንጨት ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ይበሰብሳል። ላዩ ደኅና ይመስላል፤ ሰው ሲረግጠው ከግድግዳው ሥር ተቆርጦ ይወርዳል፣ ደረጃውም የትም የማያደርስ ሆኖ ይቀራል። በድንጋይና በኖራ የተደፈነ ጉልላት ግን ከእንጨት ወለል ይልቅ ዕድሜ አለው። ስለዚህ አደጋው በሩ ላይ ሳይሆን ፎቁ ላይ ነው። የሚያውቅ ተጫዋች ገመዱን ከድንጋይ መስኮት ጋር ያስራል፣ ወለሉን በዘንግ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ ጓዶቹም አንድ በአንድ ይሻገራሉ።

የዛፍ ሥርም አለ። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር አጥር ላይ ሥሩ ድንጋዩን እንዴት እንደጨበጠው የጎንደር ሰው ሁሉ ያየዋል። እንዲህ ያለ ሥር ኖራውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ቆይቶ ግን የላላውን ድንጋይ አቅፎ የሚያቆመው ራሱ ይሆናል። መንገድ ላውጣ ብሎ ሥሩን የሚቆርጥ ጀግና ግድግዳውን በራሱ ላይ ያወርዳል። አጫዋቹ ከዚያ በፊት ከስንጥቁ አቧራና ጠጠር ሲንጠባጠብ ማሳየት አለበት፤ ያለ ማስጠንቀቂያ መግደል ግፍ ነው። ይህ ሁሉ ዳይስ በተጣለበት ቅጽበት ከየት ይመጣል?

የዕጣው ወገን

ጋሼ፣ ግምብ እንዴት እንደሚፈርስ ያስረዱትን እቀበላለሁ። ቦታውን አስቀድሞ መወሰኑን ግን አልቀበልም። 3 ማማ ከሩቅ ከታየ ተጫዋቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርና ደኑን ጎዳና ያደርገዋል። ደግሞም 5 ፍርስራሽ ያዘጋጀ አጫዋች 2ቱ ብቻ ሲጎበኙለት አያስችለውም፤ ግምቡን አንሥቶ በሄዱበት ያቆመዋል። ያን ጊዜ ቀኝም ግራም አንድ ነው። ዳይስ ለማንም አያዳላም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ሌሊት፣ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ 1 ከወጣ አንድ ነገር ይገጥማቸዋል። በቀን ቢያንስ አንዴ የመግጠሙ ዕድል ከ216 91 ነው፣ 42 በመቶ ያህል። መንገድ ወደሌለው ቤት ሲገቡ 1 ወይም 2 ከወጣ ይጠፋሉ፤ ሌላ ዳይስ አቅጣጫቸውን ይወስናል።

ለፍርስራሽ ግን ሁለት ዳይስ ተጥሎ ይደመር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ዳይስ 6 ፍርስራሽ ሲደረድር ነው፤ ሁሉም እኩል ስለሚወጣ ብርቁም ተራ ይሆናል። በሁለት ዳይስ ከ6 እስከ 8 ያሉት ድምሮች ከ36 16 ጊዜ ይወጣሉ፤ እዚያ ላይ የፈረሰ አጥር፣ የደረቀ ጉድጓድ፣ ዛፍ የወረሰው እርከን ይጻፍ። 2 እና 12 ከ36 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ናቸውና ብርቁን እዚያ ማኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ እንዳዳነው ይነገራል። 12 ላይ ንብ የሚጠብቀው ቤተ መቅደስ ይቀመጥ። ሰይፍ አይረዳም፣ ጭስ ያስፈልጋል፤ ጭስ ደግሞ ያሉበትን ቦታ ለአውሬው ሁሉ ስለሚያሳውቅ በዚያ ሌሊት ዳይሱ ሁለት ጊዜ ይጣላል። አንዴ የወጣ ፍርስራሽ ተሰርዞ አዲስ ይተካበታል።

የካርታው ወገን

እህቴ፣ እየተነሣ የሚዞረው ያልተጻፈ ግምብ ነው። በቀለም የተጻፈውን የሚያነሣ አጫዋች ጥፋቱ የራሱ ነው፣ የካርታው አይደለም።

ማየትም መድረስ አይደለም። ደኑ ከዳር እስከ ዳር 5 ቤት ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር። ጥቅጥቅ ባለ ደን በቀን አንድ ቤት ከተሄደ መሻገሩ 5 ቀን ይወስዳል። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውኃ ብንል የ5 ቀኑ ብቻ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ስንቅ፣ ገመድና ችቦ ሳይቆጠር። አንድ ችቦ አንድ ሰዓት ከነደደ 6 ችቦ የያዘ ቡድን ምድር ቤት ውስጥ ከ3 ሰዓት በላይ ወደፊት መሄድ የለበትም፤ መመለሻ አለና። ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ ቡድን ምንጭ ካላገኘ በሦስተኛው ቀን መስመሩን ይጥላል። ለዚህ ነው የምንጩ ቦታ ከግምቡ እኩል ካርታ ላይ መጻፍ ያለበት።

ምንጩና ግምቡ ደግሞ ዘመድ ናቸው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በእቶን ተቃጥሎ፣ በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ነው። በኖራ የተሠራ ትልቅ ግምብ ባለበት አቅራቢያ ብዙ ጊዜ ውኃ፣ ድንጋይ የተፈለጠበት ገደልና እቶን ይኖራሉ። በእሳት የቀላ ድንጋይና በሥሩ ነጭ ዝቃጭ ያገኘ ተጫዋች ግምቡ ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ይፈልገዋል። በአንቺ ሠንጠረዥ ግን እቶኑ ግምብ ሳይኖረው ይወጣል።

የዕጣው ወገን

ዝምድናውን ዳይስም ይሠራዋል። ከደኑ ዳር ካሉት በቀር እያንዳንዱ ቤት 6 ጎረቤት አለው፣ ዳይሱም 6 ገጽ። ግምብ ሲወጣ ሦስት ዳይስ በግልጽ ይጣል፤ አንዱ ምንጩ፣ አንዱ ገደሉ፣ አንዱ እቶኑ በየትኛው ጎረቤት ቤት እንዳለ ይናገራል። ያለፉበት ቤት ከሆነ ሳያዩት አልፈዋል ማለት ነው፤ ወዲያው በቀለም ይጻፋል፣ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም። አጫዋቹ አስቀድሞ ሲያውቅ ግን ድምፁና ፊቱ ይናገራሉ፤ ተጫዋቾቹም ደኑን ትተው እሱን ያነባሉ።

የካርታው ወገን

ግምቡ ከተገኘ በኋላ የሚወለድ እቶን ለማን ይጠቁማል? ፍለጋው አልቋል። ሌላውን ሁሉ በዳይስ አውጪው፤ ሁለቱን ድብቅ ፍርስራሾች ግን ከነእቶናቸውና ከነምንጫቸው ተጫዋቾቹ ሳይቀመጡ ጻፊያቸው።