ከበደ የሚባል ሕፃን ጠፋ

እህቴ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ሲኖትራክ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል። ከሊድስ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እንቅልፌን እንደሆነ እንግሊዝ የሌሊት ፈረቃ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። ስለዚህ ማታ ማታ ማዳመጫዬን ሰክቼ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ማታ የእህቴ ልጅ መጣና ማዳመጫውን ካንድ ጆሮዬ ነጠቀኝ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ትንሽ ሰማና፣ «ጋሼ፣ ኔትወርኩ ነው እንዴ? ተጎተተ እኮ» አለኝ።

ኔትወርኩ አይደለም። ሙዚቃው ራሱ እንደዚያ ነው። ባንዱ ፓራዳይዝ ሎስት ይባላል፣ አልበሙ «ሜዱሳ»። ዓይነቱን ዱም ሜታል ይሉታል። የሄቪ ሜታል ቀርፋፋ ወንድም በሉት። ጊታሩ ወፍራም ነው፣ ከበሮው ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ይራመዳል፣ ዘፋኙ ደግሞ እንደ ሲኖትራኩ ያጓራል።

እህቴ ከወጥ ቤት ሰማችን። «በሁዳዴ ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም፣ ለቅሶ ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

ይህን ነገር ያስለመደኝ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ የሃሊፋክስ ሰው ነው። ሃሊፋክስ ከሊድስ ብዙም አትርቅም። የድሮ የጨርቃ ጨርቅና የምንጣፍ ከተማ ነች። ፓራዳይዝ ሎስት እዚያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ትልቁ የምንጣፍ ፋብሪካ ከተዘጋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ። እኔ ያደግሁት አቃቂ ነው፣ አባቴም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሰውዬው ስለ ከተማው ሲያወራ ሰፈሬን የሚያማ ይመስለኝ ነበር።

የዚህ ሙዚቃ አባትም ከፋብሪካ ነው የወጣው። ብላክ ሳባዝ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ያውም ሥራውን በሚለቅበት የመጨረሻ ቀን፣ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ቆብ ሠራላቸውና መጫወቱን ቀጠለ። በኋላም ክሩ ጣቱን እንዳይጎዳው አላላው። ክር ሲላላ ድምፅ ይወርዳል። ክብደቱ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ቁስል ነው እንጂ ፋሽን አልነበረም።

ወደ ሃሊፋክሶቹ ልመለስ። መጀመሪያ ከባድ ነበሩ። ከዚያ እየተለሳለሱ ሄዱ። በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው) «ሆስት» የሚባል አልበም አወጡ። ጊታሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ኪቦርድና ኮምፒውተር መጣ፣ ማጓራቱም ቀረ። ደጋፊው አበደ። ውጭ አገር ቆይቶ ሲመለስ እናቱን በእንግሊዝኛ የሚያናግር ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው ያዩአቸው።

ከዚያ ቀስ እያሉ ተመለሱ። በ2015 ዘፋኙ ኒክ ሆምስ ማጓራቱን ጀመረ። በ2017 «ሜዱሳ» መጣ። ስምንት ዘፈን ነው፣ የመጀመሪያው ብቻ ስምንት ደቂቃ ያልፋል። ሲወጡ ከነበሩት ይልቅ ከብደው፣ ይበልጥ ቀርፋፋ ሆነው ነው የገቡት። አንዱ ዘፈን ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ረጅሙ ክረምት» እንደማለት ነው። (የእነሱ ክረምት ዝናብና ጭቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል።)

ስለ መመለሳቸው ብዙ ተብሏል። እኔ አንዱን ነገር ብቻ ነው የያዝኩት። ጊታሪስቱ ግሬጎር ማኪንቶሽ አባቱ ከሞቱ በኋላ ሌላ ባንድ አቋቁሞ፣ ከባዱን ሙዚቃ እዚያ ጀመረው። በ2011 አልበም አወጡ። ወደ ዋናው ባንድ የተመለሰው ክብደት በዚያ በር የገባ ይመስለኛል።

የኔ አባት የሞቱት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መርዶውን የሰማሁት በስልክ፣ በሻይ ሰዓት ነው። ወረቀቴ አላለቀም ነበርና መምጣት አልቻልኩም። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ቀን ሰጠኝ። ባልደረቦቼ ሁሉም የፈረሙበት ካርድ ሰጡኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አልክድም። ግን ካርድ ላይ እንዴት ይለቀሳል? በአራተኛው ቀን ፈረቃዬ ገባሁ። «ሜዱሳ»ን ከፍቼ ካርቶን ስደረድር አደርኩ። ድንኳኔ እሱ ነበር።

እዚህ ደግሞ ድንኳን ተተክሏል፣ እድሩ መጥቷል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ ጎረቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አምሽቷል። እህቴ ቁርጥ አድርጋ ነው የነገረችኝ፦ «እኛ አልቅሰን ወጣልን። አንተ ነህ ያልወጣልህ።»

አማርኛ ለክብደት ያለው አክብሮት ይገርመኛል። ሰው ስናመሰግን «ከበድ ያለ ሰው ነው» እንላለን። ሰው ሲዋረድ «ቀለለ» እንላለን። ልጁን ከበደ ብሎ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ነን እኮ! እንግሊዝ ውስጥ ወፍሯል ማለት እንጂ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስለኝም። በዚህ ብሎክ ግን ከበደ የሚባል ሕፃን የለም። ጠይቄያለሁ። ናኦል አለ፣ ኤልዳና አለች፣ ናታን ሦስት ናቸው። ከበደ የሚባሉት የግቢው ጥበቃ አባትና የእህቴ ልጅ አያት ነበሩ። አያቱ ማለት የኔ አባት ናቸው።

ፈረንጅ ክብደቱን ፍለጋ ወጥቶ ትኬት ቆርጦ ይሰማዋል፣ እኛ የነበረንን እያራገፍን ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ምድር ቤት ያሉት አባባ አበላሹብኝ።

አባባ ጡረተኛ ናቸው። በጾም ማታ ማታ በገና ይደረድራሉ። አሥር ክር፣ የበግ አንጀት። ክሩና መቀመጫው መሃል እንዝራ የሚሏት ቁራጭ ቆዳ አለች፣ ድምፁን የምታስነዝረው እሷ ነች። እንግሊዞች ያን ንዝረት ለማግኘት አምፕሊፋየር አጩኸዋል። እኛ ዘንድ በቁራጭ ቆዳ ያለቀ ጉዳይ ነው። በገናም ሄዶ የመጣ ነው። እንጦጦ የተወለዱት ዓለሙ አጋ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩት ነበር። በደርግ ጊዜ ግን ከሬዲዮም ከትምህርት ቤቱም ራቀ። አሁን የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት መልስ በገና አዝለው ሲሄዱ አያለሁ። ለካ ከናታኖቹም አንዱ በገና ይማራል።

ትናንት የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዞ ወርዶ ማዳመጫውን አባባ ጆሮ ላይ ሰካው። ደነገጥኩ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው «ረጅሙ ክረምት»ን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«መሣሪያው ልክ ነው» አሉ። «አይቸኩልም፣ ደስ ይላል። ሰውዬው ግን ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«አዝኖ ነው አባባ» አልኩ።

«ያዘነ ሰው እንዲህ ይጮኻል? በገና ላይ እኮ አይጮኽም፤ ለራስህ እንደምታወራ ነው።» ትንሽ አሰቡና፣ «የሱን ድምፅ ብቻ ማጥፋት አይቻልም?»

«ይቻላል፣ አፕ አለው» አለ ልጁ፣ ስልኬን ተቀብሎ ማውረድ ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። አባባ በጨለማው ውስጥ በገናቸውን ዳብሰው አነሱ።