«ልጆቹ እኮ አብረውት ነው የተወለዱት»

ስልክ እምቢ ሲል፣ ዋይፋይ ሲጠፋ፣ ፎርም በኦንላይን ሙሉ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የቤቱ ታዳጊ ነው። ነካ ነካ ያደርግና ይስተካከላል። ቤቱ ሁሉ ይደነቃል፣ «ልጆቹ እኮ አብረውት ነው የተወለዱት» ይባላል፣ በዚያው ይታለፋል። «ምን አድርገህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ መልሱ «እኔንጃ፣ ነካካሁት» ነው። እኔ ይህች አባባል ልጆቹን እየጎዳች ነው ባይ ነኝ። ያውቃል የተባለን ልጅ ማን ቁጭ ብሎ ያስተምረዋል?

ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማርክ ፕሬንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣቶቹን የዲጂታሉ ዓለም «ተወላጆች»፣ ትልልቆቹን ደግሞ «ስደተኞች» ብሎ ከፈላቸው። አባባሉ ያምራል፣ ሲፈተሽ ግን ብዙም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2018 አይሲአይኤልኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የኮምፒዩተርና የመረጃ ክህሎት ፈትኖ ነበር። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት በአማካይ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ያገኙትን መረጃ ይታመናል ወይስ አይታመንም ብሎ መመዘን የሚጠይቀው ደረጃ ማለት ነው።

የተለወጠው የልጆቹ ጭንቅላት አይደለም፣ ማሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒዩተር ሲበራ የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት ነበር። ትእዛዝ ካልጻፍክለት ዝም ይልሃል። ጌም ብቻ የፈለገ ልጅ እንኳ ከዲስኩ ላይ የሚጭንበትን ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት። በኋላ የመጡትም ቢሆኑ ቫይረስ ነው፣ ዲስክ ሞላ ነው፣ ፕሪንተሩ አልታወቀም ነው፣ ሰውን በግድ ያስተምሩ ነበር። የዛሬ ስልክ ይህን ሁሉ ደብቆታል። ለተጠቃሚ ተመችቶታል፣ ለመማር ግን የሚያስገድድ ነገር አልቀረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶም «ፋይሉን የት ነው ያስቀመጥከው?» ሲባል ጥያቄው ራሱ የማይገባው ተማሪ አለ፣ ምክንያቱም እሱ የሚያውቀው ሰርች ማድረግ ነው፣ ፎልደር የሚባል ነገር አስቦም አያውቅ።

ራዝቤሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒዩተርም የተወለደችው ከዚሁ ጭንቀት ነው። ኢበን አፕተንና ባልደረቦቹ በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥራቸውም፣ ይዘውት የሚመጡት እውቀትም እየቀነሰ መሆኑን ታዘቡ። ልጆች የሚነካኩት ርካሽ ማሽን ይኑር ብለው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ አቀረቧት።

ትልልቆቹን ላሞግስ እንዳይመስላችሁ። «መጀመሪያ ይህን ተጫን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን» እያሉ ደብተር ላይ የሚጽፉ አሉ፣ አፑ አፕዴት ሆኖ አረንጓዴው ሰማያዊ የሆነ ዕለት ጉዳቸው ይፈላል። አበላሸዋለሁ ብለው ይፈራሉ። ልጆቹ ይህ ፍርሃት የለባቸውም፣ እሱ እውነተኛ ብልጫ ነው። ግን አልሠራ ሲላቸው ለምን አይሉም፣ አፑን አጥፍተው ሌላ ያወርዳሉ።

አሁን ደግሞ ለጠየቁት ሁሉ መልስ ጽፎ የሚሰጠው ቻትጂፒቲ አለ፣ ልዩነቱም በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ታሪክን በመጽሐፍ ተምሮ ያደገ ሰው መልሱ ውስጥ የተሳሳተ ዓመት ሲያይ ቢያንስ ይጎረብጠዋል። ትምህርቱን መጀመሪያ የሚያገኘው ከዚያው ከማሽኑ የሆነ ልጅ ግን ምኑን ከምን ያስተያያል? ደግሞ ስህተቱም የሚቀርበው በዚያው ልበ ሙሉ ቃና ነው። መከልከል አያዋጣም፣ በጓሮ በር ይገባል። አንድ ክፍለ ጊዜ ወስዶ ማሽኑ የሰጠውን መልስ ክፍል ውስጥ ማደል፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር እያስተያዩ ስህተቱን እንዲያወጡ ማድረግ፣ ማርኩንም ለዚያ መስጠት ይቻላል። መምህሩ ለዚህ አፑን ከተማሪው በላይ ማወቅ የለበትም፣ የሚያስተምረውን ትምህርት ካወቀ ይበቃዋል።